ካኖን ኤም 50 ወይስ አር 50? የጀማሪ ፎቶ አንሺ የካሜራ ሂሳብ

በፎቶግራፍና በቪዲዮ ቀረጻ ሥራ ለመሰማራት የተነሣ ወጣት በመጀመሪያ የሚጋፈጠው ሙያውን ሳይሆን የመሣሪያውን ዋጋ ነው። ለሰርግ፣ ለልደት፣ ለምረቃና ለድርጅቶች ማስታወቂያ የሚሆን ካሜራ በባንክ ብድር ሲገዛ ብዙም አይታይም። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቁብ የወጣ፣ ከቤተሰብ የተሰበሰበ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ነው። ስለዚህም ምርጫው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ቶሎ የሚታረም አይሆንም፤ ካሜራው ካላዋጣ ሥራው ራሱ ሳይጀመር ይቀራል።

ይህን ገዢ ከሚያወላውሉት ዕቃዎች መካከል ሁለቱ የአንድ ኩባንያ ምርቶች ናቸው። አንደኛው የጃፓኑ ካኖን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ያስተዋወቀው ኢኦኤስ ኤም 50 ነው። ሁለተኛው ይኸው ኩባንያ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023፣ ያወጣው ኢኦኤስ አር 50 ነው። ስማቸው ተቀራራቢ፣ መልካቸው ተመሳሳይ፣ ክብደታቸውም ያው ነው። የመጀመሪያው ከነባትሪው 390 ግራም ሲመዝን ሁለተኛው 375 ግራም ነው። ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነታቸውን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ከጀርባቸው ያለው ሂሳብ ግን ለየቅል ነው።

ሁለቱም መስታወት አልባ ከሚባለው ዘር ናቸው። በቀድሞዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጥ በሌንሱና በምስል መቀበያው መካከል መስታወት ስለነበር ካሜራው ወፍራምና ከባድ ይሆን ነበር። መስታወቱ ሲቀር ሌንሱ ወደ ምስል መቀበያው ቀረበ፣ ካሜራውም ቀለለ። ሌንሱ ከመቀበያው የሚርቅበት ይህ ልክ ተራ የቴክኒክ ነገር ይምሰል እንጂ፣ የገዢውን ኪስ የሚነካው እሱ ነው።

የዋጋው ነገር

ኤም 50 ገበያ ሲወጣ ከ15-45 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 899 ዶላር ነበር። አር 50 ሲወጣ ከ18-45 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር 800 ዶላር ገደማ ተቆረጠለት። አዲሱ ከአሮጌው በመቶ ዶላር ረክሶ መምጣቱ ነው።

ለኢትዮጵያ ገዢ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል። በየካቲት 2010 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ ወደ 27 ብር ይመነዘር ስለነበር የኤም 50 የመነሻ ዋጋ 24 ሺህ ብር ገደማ ነበር። አር 50 በወጣበት በየካቲት 2015 ዓ.ም. ምንዛሪው ከ53 ብር በላይ ደርሶ ስለነበር፣ ረክሶ የመጣው ካሜራ ከ42 ሺህ ብር በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ያው 800 ዶላር ከ80 ሺህ ብር በላይ ነው ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት ነው። ያገለገለ ኤም 50 ፈላጊ የሚያገኘውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሰው ያገለገለ ዕቃ ቢገዛ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። ጥያቄው በርካሹ ዋጋ የቀረው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው።

በፎቶ ተቀራራቢ፣ በቪዲዮ የተለያዩ

በፎቶግራፍ በኩል ልዩነቱ ሻጮች ከሚያወሩት ያነሰ ነው። የሁለቱም ምስል መቀበያ መጠን አንድ ሲሆን፣ የኤም 50 ባለ 24.1 ሜጋፒክስል፣ የአር 50 ደግሞ ባለ 24.2 ሜጋፒክስል ነው። በቀን ብርሃን የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ታትመው ቢቀርቡ የትኛው ከየትኛው ካሜራ እንደወጣ የሚያውቅ ደንበኛ አይገኝም። የጉርድ ፎቶግራፍ፣ የምረቃ ፎቶግራፍና የዕቃ ማስታወቂያ ብቻ ለሚያነሣ ሰው ለአዲሱ የሚጨመረው ገንዘብ ለመብራት ወይም ለተሻለ ሌንስ ቢውል ይመረጣል።

እንዲያውም በአንድ ነገር አሮጌው ይሻላል። አብሮት የሚመጣው ሌንስ ከ15 ሚሊ ሜትር ሲጀምር የአዲሱ ከ18 ይጀምራል። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ሠላሳ ሰው ያለበትን የቤተሰብ ፎቶ ለማንሣት ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያውቅ የነበረ ሰው ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሆነች ያውቃታል።

ነገሩ የሚለወጠው ቪዲዮ ሲጀመር ነው። ኤም 50 በ4ኬ መቅረጽ ይችላል ተብሎ ይሸጣል፤ ሐሰትም አይደለም። ሆኖም ካሜራው በ4ኬ ሲቀርጽ የሚጠቀመው የምስል መቀበያውን መካከለኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ዳር ዳሩ ይቆረጣል፣ ምስሉም እንደገና 1.6 ጊዜ ያህል ይቀርባል። ያች ሰፊ የነበረች 15 ሚሊ ሜትር እዚህ ላይ ጥቅሟ ይጠፋል። ሳሎኑን ሙሉ ያሳይ የነበረ ካሜራ ሙሽሮቹንና ሁለቱን ሚዜዎች ብቻ ያሳያል። አር 50 በአንጻሩ በ4ኬ ሲቀርጽ ምንም አይቆርጥም። የመቀበያውን ሙሉ ወርድ ተጠቅሞ፣ ከ6ኬ መረጃ አጣርቶ፣ በሰከንድ እስከ 30 ምስል ይቀርጻል።

ከመቆረጡም የሚብሰው የትኩረት ጉዳይ ነው። ካኖን በሚታወቅበት ፈጣንና ልስልስ አውቶፎከስ ኤም 50 የሚጠቀመው ለፎቶግራፍና ለፉል ኤችዲ ቪዲዮ ነው። 4ኬ ላይ ሲደርስ ይህ ዘዴ ይቋረጥና ካሜራው ወደ ቀድሞው አሠራር ይመለሳል፤ ትኩረቱን እስኪያገኝ ድረስ ወደፊትና ወደኋላ ይዋልላል። ሙሽሪት ከመኪና ወርዳ ወደ ካሜራው እየመጣች ሳለ ምስሉ ደብዝዞ ጠርቶ ደብዝዞ ቢገኝ፣ ያቺ ቅጽበት እንደገና አትቀረጽም። የደንበኛው ቀሪ ክፍያም አብሯት ሊቀር ይችላል። አር 50 በ4ኬም በፉል ኤችዲም ያንኑ አዲስ አውቶፎከስ ይጠቀማል። ሰውን፣ እንስሳንና ተሽከርካሪን ለይቶ ይከተላል፣ ፊት ዞር ሲልም ቶሎ አይጠፋበትም።

ይህ ማለት ግን ኤም 50 ለቪዲዮ አይሆንም ማለት አይደለም። በፉል ኤችዲ የሚቀርጽ ሰው በአውቶፎከሱ እስካሁንም አያፍርበትም። አብዛኛው የሰርግ ቪዲዮ በስልክ የሚታይ በመሆኑ ፉል ኤችዲ ይበቃል የሚል ባለሙያ ቢኖር ክርክሩ ውኃ ያነሣል። ደንበኛው 4ኬ ብሎ በውሉ ላይ ካስፈረመ ግን ኤም 50 ይዞ መሄድ አያስኬድም።

የቀረጻው ርዝመትም ሊታሰብ ይገባል። ኤም 50 ሠላሳ ደቂቃ ሊሞላው ሲል ቀረጻውን ራሱ ያቆማል። አር 50 ሙቀቱ ከፈቀደ እስከ አንድ ሰዓት ይቀጥላል። የሽማግሌዎች ንግግርና ምርቃት በሠላሳ ደቂቃ የማያልቅበት አገር ውስጥ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ባትሪውም እንዲሁ ነው። በዓለም አቀፉ የካሜራ አምራቾች መለኪያ ኤም 50 በአንድ ሙሌት 235፣ አር 50 ደግሞ በጀርባው ስክሪን ሲሠራ 370 ፎቶ ያነሣሉ። ሁለቱም ቢሆኑ ለአንድ ሰርግ አይበቁም። በኤም 50 የሚሠራ ካሜራማን ሦስትና አራት ባትሪ በኪሱ ይዞ ቢወጣ ጥሩ ነው።

በተክሊል ሥነ ሥርዓት ላይ የካሜራ ኳኳታ የሚያስቆጣቸው ካህናት ጥቂት አይደሉም። አር 50 በኤሌክትሮኒክ መዝጊያው ያለ ምንም ድምፅ ያነሣል፤ ብቻ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሆን ምስሉ ሊጣመም ይችላል። ኤም 50ም ድምፅ አልባ አሠራር አለው። ነገር ግን ካሜራው ሁሉን በራሱ በሚወስንበት ሁኔታ ብቻ ስለሚሠራ፣ በመቅደሱ ድንግዝግዝ ብርሃን ውስጥ ባለሙያው እጁ ታስሮ እንደማለት ነው።

ሁለቱም የሚጋሩት ድክመት አለ። ምስል የሚያረጋጋ መሣሪያ በውስጣቸው የለም። የማይክሮፎን መሰኪያ እንጂ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የላቸውም፤ ድምፁ እየገባ መሆኑን በጆሮ ማረጋገጥ አይቻልም ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የካርድ ማስገቢያቸው አንድ ብቻ ነው። ካርዱ ከተበላሸ ሰርጉ ጠፋ። በዚህ ረገድ ከሁለቱ አንዳቸውም የባለሙያ ካሜራ አይደሉም፣ ካኖንም ነን አላለም።

የሞተው የሌንስ ቤት

ገዢው ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ዕቃው ላይ አይታይም። ኤም 50 የሚቀበለው ካኖን እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረውን ኢኤፍ-ኤም የተባለ የሌንስ ዓይነት ነው። ኩባንያው ለዚህ ዓይነት የሠራው በጠቅላላው ስምንት ሌንስ ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያው ዓመት፣ ኤም 50 ከተዋወቀ ሰባት ወር ሳይሞላው፣ ካኖን አርኤፍ የተባለ ሌላ የሌንስ ዓይነት ይዞ ብቅ አለ። የኩባንያው ገንዘብና መሐንዲስ ከዚያ ወዲህ የሄደው ወደዚያ ነው። የኤም ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ የሆነው ኤም 50 ማርክ 2 እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ምርቱ ቆመ። አር 50 የአርኤፍ ወገን ነው።

አንዳንድ ሻጮች የኤም ሌንስ በአዳፕተር አርኤፍ ካሜራ ላይ ይገጠማል ሲሉ ይደመጣሉ። አይገጠምም። የኢኤፍ-ኤም ሌንስ ከምስል መቀበያው በ18 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ እንዲቆም የተሠራ ሲሆን፣ በአርኤፍ ካሜራ ላይ ግን የሌንሱ መግጠሚያ የሚገኘው 20 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ሌንሱ እንዲሠራ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ካሜራው ውስጥ መግባት ይኖርበታል። አዳፕተር ደግሞ ያርቃል እንጂ አያቀርብም። ስለዚህ ዛሬ ለኤም 50 የተገዛ የኤም ሌንስ ነገ ካሜራው ሲቀየር አብሮ ይሸጣል፣ ያውም ገዢ ከተገኘ።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚስተው መንገድ አለ። በትልልቆቹ መስታወት ባላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ የሚሠራው ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር ኤም 50 ላይም አር 50 ላይም ይገጠማል፣ አውቶፎከሱም ይሠራል። አዳፕተሮቹ የተለያዩ ናቸው፤ ሌንሱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ አጥሮት ኤም 50 የሚገዛ ሰው ሁለተኛ ሌንሱን ከኢኤፍ ወገን ቢያደርገው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አዲሱ ሲሸጋገር የሚጥለው ቦዲውንና አንድ አዳፕተር ብቻ ይሆናል። ከቀድሞ ካሜራ የተረፈ ወይም ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ያለው ሰውማ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ሁለተኛ ሌንስ ለምን ያስፈልጋል ለሚል ምክንያቱ ብርሃን ነው። የሁለቱም ካሜራዎች የሳጥን ሌንስ 45 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ኤፍ 6.3 ነው። ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ማታ በአዳራሽ መብራት የሚነሣ ፎቶ ጠርቶ የሚወጣው ወይም እንደ አቧራ የሚንጠባጠበው በዚህ ልዩነት ነው። ካሜራውን ከመቀየር ይልቅ ሌንሱን መቀየር ይበልጥ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ለአርኤፍ ወገን ካኖን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሲጀምር ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ነበር። ኢኤፉ ከዚያ ይረክሳል፣ አገልግሎ የሚሸጠውም ብዙ ነው።

ለአር 50 የሚሆን ሌንስ ውድና ጥቂት ነው የሚለው ወቀሳ መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። ካኖን ሌሎች አምራቾችን ለረጅም ጊዜ ወደ ግቢው ሳያስገባ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሲግማና ታምሮን ለዚህ መጠን ካሜራ የሚሆን የአርኤፍ ሌንስ በፈቃድ እንደሚሠሩ ካስታወቁ ወዲህ ግን ምርጫው ሰፍቷል። ለኤም ወገን ይሠራቸው የነበሩትን ሦስት ተወዳጅ ኤፍ 1.4 ሌንሶች ሲግማ ለአርኤፍም አውጥቷቸዋል።

አዲሱም ወጥመድ አለው

አር 50 የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ካሜራው ራስ ላይ ያለውን የፍላሽ መግጠሚያ ይመልከት። በዚያ ላይ የተለመደው የመካከለኛ ነጥብ የለም። ካኖን አዲስ ዓይነት ግንኙነት ስላደረገበት ብዙ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙባቸው ርካሽ ፍላሾችና የመብራት ማስነሻዎች በቀጥታ ቢሰኩበት አይበሩም። ኤዲ-ኢ1 የተባለ ተጨማሪ አዳፕተር ይጠይቃሉ። ኤም 50 ላይ ግን የቆየው ፍላሽ ሁሉ ይበራል። ሦስት ፍላሽና ማስነሻ ይዞ ስቱዲዮ የከፈተ ሰው ይህን ሳያውቅ ካሜራ ቢቀይር የመጀመሪያው ቀን ሥራው ይስተጓጎላል።

ሌላው ወጥመድ በስም የሚመጣ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ ላይ አር 100 የተባለ ካሜራ አውጥቷል። ከሌንሱ ጋር የመነሻ ዋጋው 600 ዶላር ገደማ ስለነበር አር 50ን በርካሽ ያገኘ የሚመስለው ገዢ አይጠፋም። ውስጡ ግን በኤም 50 ውስጥ ያለው የ2018ቱ ዲጂክ 8 ፕሮሰሰር ነው። 4ኬ ሲቀርጽ ይቆርጣል፣ አውቶፎከሱም ያው የቀድሞው ነው። ስክሪኑ አይዞርም፣ በጣት ሲነካም አይታዘዝም፤ በዚህ ከአሮጌው ኤም 50 እንኳ ያንሳል። የሌንስ ቤቱ ግን ሕያው ነው። ፎቶ ብቻ ለሚያነሣና ወደፊት ትልቅ ካሜራ ለሚያስብ ሰው ያዋጣ ይሆናል፤ ለካሜራማን አይመከርም።

ኤም 50 ማርክ 2ም ቢሆን ስሙ ከዕቃው ይበልጣል። ምስል መቀበያውም፣ ፕሮሰሰሩም፣ የ4ኬው መቆረጥም ከመጀመሪያው አልተለወጠም። የተጨመረው በዋናነት ዓይን ተከትሎ የማተኮር መሻሻልና የቁም ቪዲዮ ነው። በጥቂት ብር ልዩነት ከተገኘ ማርክ 2ን መውሰድ ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ሌንስ ዋጋ የሚያህል ከሆነ ግን ሌንሱ ይሻላል።

እንግዲህ ገንዘቡ ያለው፣ ዋና ሥራውም ቪዲዮ የሆነ ሰው አር 50ን ቢገዛ አይቆጭም። ለመነሻ ያህል ገንዘብ ብቻ ያለውና ፎቶ የሚበዛበት ሰው ደግሞ ንጹሕ ኤም 50 ከኢኤፍ ሌንስና ከአዳፕተር ጋር ይዞ ሁለት ዓመት ሊሠራበት ይችላል። የማያዋጣው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ኤም 50 ከሦስትና አራት የኤም ሌንስ ጋር በአንድ ቦርሳ ጥሩ ቅናሽ ነው ተብሎ ሲቀርብ ማለት ነው። ሻጩ ያን ሁሉ አንድ ላይ የሚያወጣበት ምክንያት ለእሱ ግልጽ ነው።

ያገለገለ ኤም 50 ሲገዛ ስንት ፎቶ እንዳነሣ የሚገልጽ ቁጥር ከፎቶው ፋይል ላይ አይገኝም። ስለዚህ ጥቂት ነው ያነሣሁበት የሚለውን የሻጭ ቃል ማመን ወይም አለማመን የገዢው ፈንታ ነው። ሌንሱ ወልቆ ምስል መቀበያው በብርሃን ይታይ። መስታወት ስለሌለ አቧራና የጣት አሻራ በቀጥታ ያርፍበታል። ቀዳዳው ጠብቦ፣ ለምሳሌ በኤፍ 16፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ቢነሣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ይጋለጣል። የሚዞረው ስክሪን በሁሉም አቅጣጫ ይታጠፍና በእያንዳንዱ ማዕዘን ምስሉ ብልጭ ድርግም እንደማይል ይታይ። የማይክሮፎን መሰኪያው በራስ ማይክሮፎን ይሞከር፤ የዘወትር መሰካትና መንቀል የሚያላላው እሱን ነው። ባትሪው ካኖን የሚል ጽሑፍ ስላለበት ብቻ የካኖን ነው ማለት አይደለም። ሙሉ ተሞልቶ ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ተቀርጾበት ስንት መስመር እንደቀረው ቢታይ ይነገራል። አዳፕተር አብሮ የሚሸጥ ከሆነም ገዢው የራሱን ኢኤፍ ሌንስ ይዞ ሄዶ፣ ገጥሞ፣ አውቶፎከሱ ሲሠራ አይቶ ነው ብሩን መቁጠር ያለበት።